የዲናሞ ኩሽኔታ እየጮኸ እስከ ጅማ መንዳት ይቻላል?

የጅማ መንገደኛ (ጠያቂ)፦

ጤና ይስጥልኝ። የምነዳው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 የተሠራ ቶዮታ ኮሮላ ሲሆን ሞተሩ ባለ 1.8 ሊትሩ 1ዜድዜድ ነው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ጠዋት መኪናውን ሳስነሳ ከቺንጋው (ሞተሩ ዲናሞውንና ሌሎችን ከሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ) በኩል የወፍጮ የሚመስል ጉርምርምታ ይሰማኛል። መጀመሪያ ላይ ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ይጠፋ ነበር፤ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ግን ከሞቀም በኋላ አይለቅም፣ ነዳጅ ስሰጠው ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ እየቀጠነና እየጨመረ ይሄዳል። በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪው ምልክት አይበራም፣ መኪናው በአንድ ቁልፍ ይነሳል፣ የፊት መብራቱም አልደከመም።

ሁለት ጋራዥ አሳይቻለሁ። የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ «የዲናሞው ኩሽኔታ ነው፤ ቻርጅ እስካደረገ ድረስ ግን ምንም አይልም፣ ሲሞት ትቀይረዋለህ» አለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ዲናሞው እንዳለ መቀየር አለበት ብሎ እዚያው ጋራዥ ውስጥ የነበረ ያገለገለ ዲናሞ አሳየኝ፤ የእኔን ግን ፈትቶ አላየውም። በቨርጂኒያ የምትኖረው እህቴ ይህን ስትሰማ ከዚያ ሙሉ ዲናሞ ገዝታ በሰው እንደምትልክልኝ ነግራኛለች፤ የሚመጣው ሰው ግን የሚደርሰው ከአንድ ወር በኋላ ነው።

ያስቸኮለኝ ነገር በሚቀጥለው ቅዳሜ እናቴን ይዤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ መሄድ ያለብኝ መሆኑ ነው። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፣ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች ኢንሱሊኗን በበረዶ ሣጥን ይዘን ነው የምንጓዘው፤ በጊቤ በረሃ ከነሙቀቱ መንገድ ላይ መቆም ለእሷ ከባድ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደርሼ ከተመለስኩ በኋላ ባሠራው ይሻላል ወይስ አሁኑኑ ልፍታው? ልፍታው ከተባለስ ኩሽኔታ ብቻ መቀየር አስተማማኝ ነው ወይስ ሙሉ ዲናሞ መግዛት ይኖርብኛል? የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።


ዲናሞ ሠሪ፦

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። ዲናሞና ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) በመጠገን ሥራ 19 ዓመት ቆይቻለሁ፣ ስለዚህ መልሴን ሳላዞር ልንገርዎት፦ ኩሽኔታውን ሳይቀይሩ ወደ ጅማ አይነሱ። ምክንያቱን በዝርዝር ላስረዳ፣ ምክንያቱም መካኒኩ የነገረዎት ነገር ግማሹ እውነት በመሆኑ ሰውን በቀላሉ ያሳምናል።

ባትሪውን ቻርጅ በሚያደርገው ዲናሞ ውስጥ የሚሽከረከረው ሮተር ከፊትና ከኋላ በሁለት ኩሽኔታ (ዘንጉን በኳስ ላይ በሚያዞር የብረት ቀለበት) ተይዞ ነው የሚዞረው። ኩሽኔታው ቢበላም ሮተሩ እስከዞረ ድረስ ዲናሞው 14 ቮልት ገደማ ማውጣቱን አያቋርጥም፤ ስለዚህ የባትሪው ምልክት አለመብራቱ ስለ ኩሽኔታው ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም። በኩሽኔታ ምክንያት ምልክቱ የሚበራው ዲናሞው ነክሶ ሲቆም ወይም ቺንጋው ሲበጠስ ነው፣ ያን ጊዜ ግን የፈራነው ነገር ደርሷል።

«ሲሞት ትቀይረዋለህ» የሚለው ምክር ትክክል የሚሆነው ዲናሞው ብቻውን የሚሞት ቢሆን ኖሮ ነበር። በእርስዎ ሞተር ላይ ያለው ግን አንድ ረጅም ቺንጋ ሲሆን ዲናሞውንም፣ የውሃ ፓምፑንም፣ የመሪውን ፓምፕም፣ የኤሲውን ኮምፕረሰርም የሚያዞረው ያው አንዱ ነው። ኩሽኔታው ነክሶ ዲናሞውን ቀጥ ሲያደርገው ቺንጋው በቆመው ፑሌጃ (ቺንጋው በሚያርፍበት ጎማ መሰል ክብ) ላይ እየተፋተገ ይጨስና ይበጠሳል፣ አለዚያም ከመስመሩ ይወጣል። ከዚያ መሪው ይከብዳል፣ በሞተሩ ውስጥ ያለው ውሃ መዘዋወሩን ያቆማል፣ ሙቀቱም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ከመጠን ያልፋል። የዚህ ሞተር ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ነው፤ አንድ ጊዜ ክፉኛ ከፈላ ሊጣመም ይችላል፣ ያን ማቃናት ደግሞ ከኩሽኔታ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ብዙ ደንበኞቼ «ባትሪው ሙሉ ስለሆነ እስከ ከተማ ያደርሰኛል» ይሉኛል። ዲናሞው ቻርጅ ማድረግ ብቻ ያቆመ እንደሆነ፣ ቺንጋውም በቦታው ካለ፣ ይህ እውነት ነው፤ በቀን ብርሃን፣ ኤሲና ሬዲዮ አጥፍቶ፣ ጤነኛ ባትሪ አንድ ሰዓት ገደማ ሊያስኬድ ይችላል። ቺንጋው ከሄደ ግን የባትሪው መሙላት የውሃ ፓምፑን አያዞርም።

አሁን ወደ ድምፁ ልመለስ። ከመፍታት በፊት ጩኸቱ በእርግጥ የዲናሞው መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ ቺንጋው፣ የቺንጋው መወጠሪያ ፑሌጃ፣ የውሃ ፓምፑና የኤሲው ፑሌጃ ሁሉ እንዲሁ ሊጮኹ ይችላሉ፣ ያለጥፋቱ የተፈታ ዲናሞ ደግሞ ብዙ አይቻለሁ። ድምፁ እንደ ጫጩት የሚንጫጫ ከሆነና በሚሠራው ቺንጋ ላይ ጥቂት ውሃ ሲረጭ ለአፍታ ከተለወጠ ጥፋቱ ወደ ቺንጋው ያዘነብላል። መብራትና ማራገቢያ ሲበራ ብቻ የሚጨምር ቀጭን ጩኸት ከሆነ ዳዮዱን (የዲናሞውን ኤሌክትሪክ ለባትሪው እንዲስማማ የሚቀይረውን) እንጠረጥራለን። እርስዎ የጻፉት ዓይነት፣ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚወጣና የሚወርድ የወፍጮ ጉርምርምታ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኩሽኔታ ነው። የየትኛው ኩሽኔታ እንደሆነ ለመለየት ረጅም ካቻቢቴ ወስደው ጫፉን ከዲናሞው አካል ላይ፣ እጀታውን ከጆሮዎ አጥንት ላይ አድርገው ያዳምጡ፤ በኋላ መወጠሪያውን፣ በኋላም የውሃ ፓምፑን እንዲሁ ያድርጉ። ነጠላ፣ ሻርፕና ሰፊ እጅጌ ከቺንጋው ይራቅ፤ እጅም እንዲሁ።

ከሁሉም የሚያስተማምነው ሞተሩን አጥፍቶ ቺንጋውን ማውለቅና እያንዳንዱን ፑሌጃ በእጅ ማዞር ነው። ጤነኛ ዲናሞ ለስለስ ብሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ይዞራል። እንደ አሸዋ የሚሻክር፣ የሚንቀጫቀጭ፣ ወይም ፑሌጃው ወደ ላይና ወደ ታች ሲወዘወዝ የሚላወስ ከሆነ ነገሩ አልቋል። ቺንጋው ወልቆ ሳለ ሞተሩን ለጥቂት ሰከንድ ማስነሳትና ድምፁ መጥፋቱን ማየትም ይቻላል፤ የውሃ ፓምፑ ስለማይዞር ግን ከግማሽ ደቂቃ አይለፍ።

ኩሽኔታ ከመጀመሪያው ጩኸት እስከ መንከስ ድረስ ስንት ቀን እንደሚቆይ ሊነግርዎት የሚችል ባለሙያ የለም። ለወራት እየጮኸ የቆየ አይቻለሁ፣ በሳምንቱ የነከሰም አይቻለሁ። የእርስዎ ግን በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠዋት ብቻ ከመጮህ ሁልጊዜ ወደ መጮህ አልፏል፣ ይህም ግሪሱ አልቆ ብረት ከብረት መነካካቱን ያሳያል። በተጨማሪም ዲናሞ ከሞተሩ ከ2 እስከ 3 እጥፍ ይፈጥናል፤ በከተማ በዝግታ ሲሄዱ ችሎ የቆየ ኩሽኔታ፣ በረጅም መንገድ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እሱ 7,000 ወይም 8,000 ጊዜ ለሰዓታት ያለ ዕረፍት እንዲዞር ይገደዳል። በሮተሩና በስታተሩ (ሮተሩን በከበበው የማይዞር ክፍል) መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም፤ ኩሽኔታው ከላላ ሮተሩ ስታተሩን መላጥ ይጀምራል፣ ያን ጊዜ በኩሽኔታ ብቻ ይድን የነበረው ዲናሞ ጨርሶ ይጠፋል። ዛሬ ከፈቱት የሚያወጡት የሁለት ኩሽኔታ ዋጋና የእጅ ዋጋ ብቻ ነው።


ሚኒባስ ነጂ፦

ከላይ የተጻፈውን ሁሉ እደግፋለሁ፤ በዚህ ጉዳይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ፣ በተለይ ናፍጣ መኪና የምትነዱ እንድትሰሙኝ እፈልጋለሁ።

ሃይኤስ ስነዳ የዲናሞው ኩሽኔታ ሁለት ወር ያህል ጮኸብኝ። ቀኑን ሙሉ ተሳፋሪ ስለማመላለስ መኪናውን ለግማሽ ቀን ማቆም ጉዳት መስሎ ታየኝ፤ ድምፁንም ለመድኩት። አንድ ቀን ከእንጦጦ ወደ ከተማ ስወርድ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ፣ ወዲያው የባትሪው ምልክት በራ። እስከ ታች ወርጄ አቆማለሁ ብዬ ፍሬን ያዝኩ፤ አንድ ሁለቴ እንደ ወትሮው ያዘ፣ ሦስተኛው ላይ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ደረቀ። በሁለት እግሬ ረግጬ፣ ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ እየሳብኩ ዳር ያዝኩ። አሥራ አንድ ሰው ከኋላዬ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ማንም አልተጎዳም፣ እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በኋላ ኤሌክትሪሺያኑ ሲያስረዳኝ ነው የገባኝ። ብዙዎቹ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የሚባሉት የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ፍሬኑን የሚያግዘውን የቫኪዩም ፓምፕ የሚይዙት በዲናሞው ጀርባ ላይ፣ በዚያው በዲናሞው ዘንግ ላይ ነው። ዲናሞው ሲቆም የፍሬኑ እገዛም አብሮ ይቆማል፣ የተጠራቀመው ቫኪዩም የሚበቃው ለአንድ ወይም ለሁለት መርገጥ ብቻ ነው። ጠያቂው ወንድማችን ኮሮላው ቤንዚን ስለሆነ ይህ አይደርስበትም፤ ነገር ግን ወደ ጊቤ የሚወርደውን ቁልቁለትና ከዚያ ማዶ ያለውን ዳገት ስለማውቀው፣ እዚያ ላይ መሪ ከብዶበት ወይም ሞተር ፈልቶበት ከእናቱ ጋር እንዲቆም አልመኝለትም። ከወልቂጤ ካለፉ በኋላ እስከ ሰኮሩ ድረስ ዲናሞ የሚፈታ ሰው በቀላሉ አይገኝም። አንድ ቀን ቀደም ብሎ ማሠራት ይሻላል።


ከቨርጂኒያ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እህትዎ ዲናሞ ልትልክ ማሰቧ መልካም ነው፣ ከመግዛቷ በፊት ግን ሁለት ነገር ልብ ብትል እመክራለሁ። እዚህ የእጅ ዋጋ ውድ ስለሆነ አብዛኞቹ ጋራዦች ኩሽኔታ ብቻ አይቀይሩም፤ ታድሶ የተገጣጠመ ሙሉ ዲናሞ ገጥመው አሮጌውን ይወስዳሉ፣ ሲገዙም አሮጌውን እስኪመልሱ ድረስ መያዣ ያስከፍላሉ። አሮጌው አዲስ አበባ ከሆነ ያ ገንዘብ አይመለስም። ከዚህም በላይ በአሜሪካ የተሸጠው ኮሮላ ዲናሞ ለሌላ ገበያ ከተሠራው ጋር በሶኬቱ ቅርጽ፣ በፑሌጃውና በአምፔሩ ሊለያይ ስለሚችል፣ በእርስዎ ዲናሞ አካል ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ፎቶ አንስተው ሳይልኩላት አትግዛ። እኔ ለወንድሜ የላክሁት ዲናሞ ሶኬቱ አልገጥም ብሎ እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።

በበኩሌ በአዲስ አበባ ኩሽኔታ የሚቀይሩ የሠለጠኑ እጆች እያሉ፣ ሙሉ ዲናሞ ከውቅያኖስ ማዶ መጠበቅ አስፈላጊ አይመስለኝም።


የጅማ መንገደኛ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ቺንጋው ወልቆ ዲናሞውን በእጄ አዞርኩት፤ በትክክል እንደተባለው የአሸዋ ዓይነት መሻከር አለው። መወጠሪያውና የውሃ ፓምፑ ግን ለስላሳ ናቸው። አሁን ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አንድ ጎረቤቴ የኩሽኔታውን የጎማ ክዳን በካቻቢቴ ጫፍ አንስቶ አዲስ ግሪስ መጠቅጠቅ ይበቃል ይለኛል። ደግሞም ኩሽኔታውን ራሴ ሶማሌ ተራ (የመኪና መለዋወጫ ገበያው) ሄጄ ብገዛ እንዴት እንደማልታለል ብትነግሩኝ።


ዲናሞ ሠሪ፦

ግሪሱን በተመለከተ፣ ጎረቤትዎ ከቅንነት እንደተናገሩ አልጠራጠርም፣ ነገር ግን ይህን አያድርጉ። የሚያሻክረው የተበላው ኳስና ኳሱ የሚሽከረከርበት መንገድ ነው፤ ግሪስ የተበላ ብረት አይመልስም፣ ድምፁን ለጥቂት ቀን አፍኖ ምልክትዎን ያሳጣዎታል እንጂ። ጋራዥ ውስጥ የሚገኘው ግሪስ ደግሞ ለእግር ክፍል የተዘጋጀ ነው፤ በዲናሞው ፍጥነትና ሙቀት ይቀልጥና ወደ ካርቦኑ (ለሮተሩ ኤሌክትሪክ ወደሚያደርሰው ተፋታጊ) ይፈስሳል። ማላቀቂያ ዘይት መርጨትማ የባሰ ነው፣ የቀረውን ግሪስ አጥቦ ያወጣዋል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። በእኔ ጠረጴዛ ላይ ከሚመጡት የጮኹ ዲናሞዎች ብዙዎቹ ከሞተር እጥበት በኋላ የተበላሹ ናቸው። ሞተሩን ናፍጣ ረጭቶ በግፊት ውሃ ማጠብ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ናፍጣው በክዳኑ ሥር ገብቶ ግሪሱን ያሟሟል፣ ውሃው ደግሞ ተከትሎት ይገባና ዝገት ይጀምራል። ሞተር ይታጠብ ካሉ ዲናሞው በላስቲክ ይሸፈን፣ የግፊት ውሃም ወደ እሱ አይዙር። ከቴስታታው ክዳን ዘይት የሚንጠባጠብ ከሆነም እሱን አስቀድመው ያስተካክሉ፣ አለዚያ አዲሱም ኩሽኔታ አይቆይም። ቺንጋን ከልክ በላይ መወጠርም የፊተኛውን ኩሽኔታ ይገድላል፤ በእርስዎ ሞተር ላይ መወጠሪያው ራሱ ስለሚያስተካክል ይህ ብዙ አያሰጋም።

ወደ ግዢው ስንመጣ፣ ከመፈታቱ በፊት አይግዙ። ዲናሞው ይፈታ፣ ከአሮጌዎቹ ኩሽኔታዎች ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ይጻፉ፣ ወይም ኩሽኔታዎቹን ራሳቸውን ይዘው ይሂዱ። ቁጥሩን ቸል ማለት ያሳስታል፤ ለምሳሌ 6203 እና 6303 የሚባሉት ሁለቱም የውስጥ ቀዳዳቸው 17 ሚሊሜትር ነው፣ ዘንጉ ላይ ሁለቱም ይገባሉ፤ የውጭ ስፋታቸው ግን የመጀመሪያው 40፣ የሁለተኛው 47 ሚሊሜትር ነው። በሁለቱም ጎን ክዳን ያለውን ይምረጡ። የታወቀ ስም የተጻፈበት ሁሉ እውነተኛ አይደለምና ጽሑፉ ደብዛዛ ወይም የተንጋደደ ከሆነ፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ሱቆች በግማሽ የሚያንስ ከሆነ ይተዉት። በእጅ ሲያዞሩት የመንቀጫቀጭ ድምፅ ሊኖረው አይገባም።

ለሠራተኛው የሚነግሩት ደግሞ እነዚህን ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ፤ ከዲናሞው ጀርባ ያለው ወፍራም ሽቦ በቀጥታ ከባትሪው ስለሚመጣ ቁልፍ ከአካሉ ጋር ካገናኘው እሳት ይተፋል። የጮኸው አንዱ ቢሆንም ሁለቱም ኩሽኔታዎች ይቀየሩ፣ እድሜያቸው አንድ ነው። አዲሱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ አይግባ፤ ወደ ክዳኑ ሲገባ በውጭው ቀለበት፣ ወደ ዘንጉ ሲገባ በውስጡ ቀለበት ተገፍቶ በፕሬስ ይገጠም፣ በተሳሳተው ቀለበት ከተመታ ገና ሳይሠራ ኳሱ መንገዱን ይቆረቁራል። አሮጌው ኩሽኔታ በአሉሚኒየሙ ክዳን ውስጥ ራሱ ሲዞር ከቆየ ማቀፊያው ይሰፋል፤ ያን ጊዜ በፑንታ (በሹል ብረት) ጠርቅቆ ማጥበቅ አይበቃምና ክዳኑ ይቀየር ወይም ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀለበት ይግባለት። ዲናሞው ከተፈታ ዘንድ ካርቦኑም ይቀየር። ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ እየሠራ በባትሪው ላይ በቴስተር ይለኩ፣ መብራትና ማራገቢያ ሁሉ በርቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ባለው ውስጥ መሆን አለበት። ለእናትዎ ጤና እመኛለሁ።


የጅማ መንገደኛ፦

ረቡዕ ተሠራ፣ ውጤቱን ላሳውቃችሁ። ዲናሞው ሲከፈት የፊተኛው ኩሽኔታ ጥቂት ግሪስ ነበረው፤ የኋለኛው ግን ደርቆ የዝገት ዱቄት የመሰለ ቀይ ነገር ወጥቶታል፣ የአንደኛው ጎን ክዳኑም ተሰንጥቆ ነበር። ባለፈው ጥቅምት ሞተሩን በናፍጣና በግፊት ውሃ አሳጥቤው እንደነበር አስታወስኩ። ሠራተኛው ሮተሩን ወደ ብርሃን አዙሮ ሲያሳየኝ በአንዱ ጠርዝ ላይ የጥፍር ያህል የተላጠ ቦታ ነበረበት፤ ስታተሩን መንካት ገና መጀመሩ ነው አለኝ። ሁለቱም ኩሽኔታዎች በፕሬስ ተገጠሙ፣ ካርቦኑ ተቀየረ፣ ቺንጋውም ጠርዙ ተበልቶ ስለተገኘ አብሮ ተቀየረ። ሁሉም ነገር በርቶ ሲለካ 14.1 ቮልት ነው።

ትናንት እስከ ሰበታ ደርሼ ተመለስኩ፤ የሞተሩ ድምፅ እንደ ድሮው ሆኗል፣ የሙቀት ጌጁም አልተንቀሳቀሰም። ያወለቅነውን አሮጌ ቺንጋ ለማንኛውም ብዬ በኋላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ለእህቴም ዲናሞ እንዳትልክ ደውዬ ነገርኳት። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ እንነሳለን።